የወር መርፌውና የጉበት ቫይረሱ

ከአዘዞ አንዲት እህት የላኩልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «29 ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ አለብህ ከተባለ ሰባት ዓመት ሆነው። በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ መርፌውን ከጀመረ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሆኗል። ባለፈው ጥቅምት እጁን ቆርጦት ለስፌት ሄዶ ደሙ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ከወር መርፌ ነው የያዘው ይላል። አባቴ መርፌውን አስቁመን የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂ ጋ እንውሰደው እያለ ነው። እናቴ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይታበታለች። እኔ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዚህ በሽታ ይበልጥ ይያዛሉ የሚል ነገር አንብቤ ተጨንቄአለሁ። እውነት ነው? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ምክንያቱን ከማብራራቴ በፊት በዚህ ሳምንት ልትወስኑባቸው የምትችሉ ሁለት ጉዳዮች ስላሉ እነሱን ላስቀድም። የወንድምዎ መርፌ መቆም የለበትም፤ ቀጠሮው ሲደርስ እንደ ወትሮው ሄዶ ይወጋ። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚሰጠውን የሥር መድኃኒትም እንዳይጠጣ። አባትዎ ይህን የሚሉት ለልጃቸው ተጨንቀው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ መርፌው ቢቋረጥ ሕመሙ የመመለሱ ነገር በጣም የቀረበ ሲሆን፣ ቫይረሱ ግን መርፌው ስለቆመ ከደሙ አይወጣም።

በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ «ወፍ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ ሽንት ነካው የሚለው አነጋገር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረችው በዚህችው በጎንደር እስከ ዛሬ ይሰማል። በስሙ ብዙም አልከፋም፤ የሚጎዳን ቢጫነቱን በሽታው ራሱ አድርገን መቁጠራችን ነው። የዓይን ቢጫነት ጉበት ወይም የሐሞት መስመር ወይም ደም ራሱ ሲታወክ የሚታይ ምልክት ነው፤ ወባም፣ የሐሞት ጠጠርም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጣዋል። ጉበትን ከሚያቆስሉት አምስት ዋና ዋና ቫይረሶች መካከል ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ደግሞ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋሉ። በወንድምዎ ላይ የተገኘው ቢ አብዛኛውን ጊዜ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ፣ አልጋ ላይ ሳይጥል፣ ለብዙ ዓመት በደም ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ነው። ወንድምዎ እጁን ባይቆርጠው ኖሮ ምናልባት እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ የሚያውቅለት ሰው አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ሰፈሩ «ከወር መርፌው ነው» ያለው እውነት ይሆን? ይህን በእርግጠኝነት ሊመሰክር የሚችል ሰው የለም፤ የቫይረሱ ጠባይ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ሄፓታይተስ ቢ በሰው ላይ ሥር የመስደዱ ዕድል በተያዘበት ዕድሜ ላይ ይመሠረታል። በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያው ዓመቱ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱን ይዞ ይቀራል፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የተያዘ ልጅ ከ10 ሦስት ጊዜ ገደማ፤ ጤናማ አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን ከ100 ከአምስት ጊዜ በታች። አብዛኛው አዋቂ ሰውነቱ ራሱ ተዋግቶ ቫይረሱን ያባርረዋል ማለት ነው። ወንድምዎ ታሞ መርፌ የጀመረው በ22 ዓመቱ ግድም ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምርመራው ሲደገም ቫይረሱ አሁንም ካለበት፣ የያዘው ገና ጡት ሳይጥል ወይም ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ሲፈጭ፣ ከአእምሮ ሕመሙ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመሆኑ ግምት ከሁሉም የጠነከረው ግምት ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ ከእናት በወሊድ፣ ወይም ከልጅ ወደ ልጅ በቁስልና በጭረት።

መርፌውንም ቢሆን ቀርበው ይመልከቱት እንጂ በወሬ አይፍረዱበት። በእኛ ክሊኒኮች በየወሩ ከሚሰጡት አብዛኛው ፍሉፌናዚን የሚባለው ነው፤ መድኃኒቱ የሚሟሟው በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነው። ከመተማና ከሑመራ የሚመጣው ሰሊጥ ለዚህም ይውላል ስል ታካሚዎቼ ይስቃሉ። ዘይቱ በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው አንዱ መርፌ ሳምንታት የሚያገለግለው። ወፍራም ስለሆነም ወፈር ያለ መርፌ ይፈልጋል። ነርሷ አዲስ የታሸገ ሲሪንጅ አውጥታ እሽጉን ስትቀድ ድምፁ ይሰማል፤ ብልቃጡን ትከፍታለች፣ ትቀዳለች፣ ቂጡን በአልኮል ጠርጋ ትወጋለች፣ ከዚያም መርፌውን መልሳ ሳትከድን እንዳለ ካርቶኑ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ትጥለዋለች። ይህ ሥርዓት ከተጠበቀ ከሌላ ሰው ደም የሚመጣ ምንም ነገር የለም። ሥርዓቱ የሚፈርሰው አንድ ሲሪንጅ ለሁለት ሰው ሲውል፣ ወይም ለብዙ ሰው ከሚበቃ ጠርሙስ ላይ በተወጋ መርፌ ተመልሶ ሲቀዳ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረውት ይግቡና እሽጉ በፊታችሁ ሲቀደድ ይዩ፤ ካልታየ በትሕትና ይጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፤ ሙያዋን የምታከብር ነርስም አትቀየምም። መጠንቀቁ ከንቱ አይደለም፤ ክትባት ያልወሰደ ሰው ቫይረሱ ባለበት ሰው ደም በተነካ መርፌ ቢወጋ የመያዙ ዕድል ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ለኤች አይ ቪ ይኸው ዕድል ከ1000 ሦስት ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይም ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ያነበቡት ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ከ6.8 ሚሊዮን የሚበልጡ የአገሪቱን ነዋሪዎች መዝገብ ተመልክቶ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ወደ 98 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ዘንድ ሄፓታይተስ ቢ ከሌላው ሕዝብ ከእጥፍ በላይ፣ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ስድስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ይህን ያነበበ ሰው ሕመሙ ራሱ ለቫይረሱ በር ይከፍታል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች ግን ለልዩነቱ ትልቁን ድርሻ የሰጡት ለአደንዛዥ ዕፅ ነው፤ በአውሮፓ ሄፓታይተስ ሲ የሚሰራጨው በዋነኛነት ዕፅ ለመውሰድ በጋራ በሚጠቀሙበት መርፌ ነውና። በጎንደር ይህ መንገድ ዋናው መንገድ አይደለም፤ ስለዚህ የስዊድንን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ ወንድምዎ ላይ መለጠፍ ትክክል አይሆንም።

የእኛ አገር ነገር የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ በአማካይ ከ100 ሰው በ7.4ቱ ላይ ሄፓታይተስ ቢ፣ በ3.1ዱ ላይ ሄፓታይተስ ሲ መገኘቱን ያሳያል። ይህ በአእምሮ ሕመምተኛ ላይ የተሰላ አይደለም፤ ደም ለመለገስ የመጣው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ለሌላ ሕመም የተመረመረው ሰው ሁሉ ያለበት ነው። በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ 200 ሰው ቢቀመጥ በዚህ ስሌት አሥራ አምስት ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ጠላቸውን እየጠጡ ነው። ቫይረሱ እንዲህ በተሰራጨበት አገር አንድ የታመመ ሰው ሲገኝበት «ከሕመሙ ነው» ማለት ለጎረቤቱ መልስ አይሰጥም፤ ጎረቤቱም ሊኖርበት ይችላልና።

ይህን ስል ግን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ተጨማሪ አደጋ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ አለበት፤ አደጋው የሚመጣው በኑሮው በኩል ነው። በአንድ ጠበል ቦታ ያየሁትን ልንገርዎ። ጠዋት ነው፤ ከሩቅ አገር በዘመድ የመጡ ሰባት ወጣቶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቅማል እንዳይዛቸው ራሳቸው ይላጫል። የሚላጨው ሰው ቸር ሰው ነበር፣ ገንዘብ አይቀበልም። ምላጩ ግን አንድ ነው፤ አንዱን ላጭቶ ሲጨርስ በጉልበቱ ላይ ባለው ጨርቅ ያብስና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሦስተኛው ልጅ አናቱ ላይ ትንሽ ደማ፤ አራተኛው በዚያው ምላጭ ተላጨ። እኔ ራሴ ጠበል የተጠመቅሁ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ወደ ሃይማኖት ክርክር አላመጣውም፤ ጠበል ቫይረሱን አያስተላልፍም፣ ምላጭ ያስተላልፋል። በማግሥቱ አንድ ሙሉ ፓኮ ምላጭ ገዝቼ ስሰጠው ሰውየው በደስታ ነው የተቀበለኝ፤ ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከምላጩ ሌላ በዋግምት የሚወጣ ደም፣ በአንድ መርፌ ለብዙ ሴት የሚነቀስ ንቅሳት፣ እንጥል መቁረጥና የሰውነት ብጣት አለ። እነዚህ ለሁሉም ሰው የተዘረጉ መንገዶች ናቸው፤ የታመመው ግን «ሳይሞከርለት የቀረ የለም» እስኪባል ከአዋቂ ወደ አዋቂ ስለሚዞር በእነሱ ላይ የሚያልፈው ደጋግሞ ነው። በሰንሰለት ታስሮ ቁርጭምጭሚቱ የቆሰለ ሰው ከሌሎች የቆሰሉ ሰዎች ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ከሁሉ የሚከብደኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ታማ ከቤት ወጥታ በረንዳ ላይ የምታድር ሴት በሌሊት የሚደርስባትን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም፤ ሄፓታይተስ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፣ በግድ የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ መቁሰል ስለሚኖር ዕድሉ ይጨምራል። እንዲህ ያለች ሴት ወደ ሕክምና ስትመጣ የእርግዝናና የኤች አይ ቪ ምርመራ ብቻ አድርጎ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው፤ ጥቃቱ እንደደረሰ ቶሎ ከመጣች በመጀመሪያው ቀን ክትባቱን መስጠት በሽታውን ሊያስቀር ይችላልና።

በአንድ ጣራ ሥር ተጨናንቆ መኖርም የራሱ ድርሻ እንዳለው ከቫይረሱ ግኝት ታሪክ ጀምሮ ይታወቃል። ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ብሎ የጠራው ነገር የዚህ ቫይረስ ቅርፊት ሆኖ የተገኘው፣ በአንድ በኩል ዳውን ሲንድሮም (ከውልደት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት) ያለባቸውን ሰዎች ደም ሲመረምር ነበር። በትልልቅ መኖሪያ ተቋማት ውስጥ በሚኖሩት ላይ በብዛት፣ በቤታቸው በሚኖሩት ላይ በጥቂቱ ይገኝ ነበር። በሽታው ከአእምሮው ጋር ሳይሆን ከአኗኗሩ ጋር ነበር የሚሄደው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ የልደቱ ቀን ሐምሌ 21 በዓለም ዙሪያ የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይውላል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ይህኛው ቫይረሱን አያስተላልፍም፣ ዘግይቶ እንዲታወቅ ያደርጋል እንጂ፤ ጥፋቱም የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙ ይቆየንና፣ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል «ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ተቀምጧል» የሚል ታካሚ ነበረን። ካርዱ ላይ «ስለ ሰውነቱ የተሳሳተ እምነት አለው» ተብሎ ተጽፎ፣ መድኃኒቱ ተጨምሮለት ነበር፤ እኔም ያንን ካርድ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈርሜበታለሁ። በሦስተኛው ጊዜ አልጋ ላይ አስተኝቼ ከቀኝ የጎድን አጥንቱ በታች እጄን ሳሳርፍ ጉበቱ እውነትም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ወጣ ገባ ብሎ አገኘሁት። ሰውየው ያለውን ነበር የተናገረው። ከዚያ ወዲህ በአእምሮ ሕክምና ክትትል ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ሊመረመር፣ ነጻ ከሆነም ሊከተብ ይገባል የሚል አቋም ይዣለሁ። ሊትየም የተባለውን የአእምሮ መድኃኒት መጠን ለማየት ደም በምንቀዳበት ክንድ ላይ አንዲት ተጨማሪ ጠብታ ማንንም አትጎዳም።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። የተደረገለት ምርመራ «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» የሚባለውና ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩን ብቻ የሚናገር ነው፤ ጉበቱ ተጎድቷል ወይ፣ ቫይረሱ ምን ያህል ይራባል፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን አይናገርም። ስለዚህ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂድና የጉበት ኢንዛይሞቹ፣ የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሕዋሳት) ቁጥሩ፣ አልትራሳውንዱ፣ ከተቻለም የቫይረሱ መጠን ይታይለት። ኤ ኤስ ቲ ከተባለው ኢንዛይምና ከፕላትሌት ቁጥር ብቻ የጉበቱን ጠባሳ መጠን በግምት ማስላት ይቻላል፤ ሁለቱም ርካሽ ምርመራዎች ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ እና ኤች አይ ቪ አብረው ይታዩ። አልትራሳውንዱ ላይ ጣፊያው ትልቅ ሆኖ ቢገኝ ወዲያው አትደንግጡ፤ በእኛ አካባቢ የጣና ዳር ብልሃርዝያም፣ ለሥራ ወደ መተማና ሑመራ የወረደ ሰው የሚይዘው ካላዛርም ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ ሐኪሙ ግን ወንድምዎ የት የት እንደነበረ ሊነገረው ይገባል።

ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ለጊዜው ክትትል እንጂ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ካስፈለገው ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አለ። ይህ ክኒን ለኤች አይ ቪ ሕክምናም ስለሚያገለግል ጎረቤት ብልቃጡን አይቶ ሌላ ወሬ ሊያወራ ይችላል፤ ቀድማችሁ እወቁት። አስቀድሞ የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ቢወስድ ኤች አይ ቪው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ከተጀመረ በኋላ በድንገት እንዳይቋረጥ ነው፤ ሲቋረጥ የጉበቱ ቫይረስ ተነሥቶ ጉበትን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ክኒን ለምን እንደሚረሳ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ሰባት ዓመት ኖረውበታል። እኔ የማደርገው የክኒኑን መቀበያ ቀን ከመርፌው ቀን ጋር ማስገጠም ነው፤ በአንድ ቀጠሮ፣ በአንድ ታክሲ፣ ሁለቱም ይፈጸማሉ። የማታ ክኒኑን ማን እንደሚሰጠውም በቤት ውስጥ በስም ይወሰን፤ «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም።

ስለ አእምሮ መድኃኒቶቹና ስለ ጉበት የሚነገረው ብዙ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። ፍሉፌናዚን በጉበት በኩል የሚያልፍ ቢሆንም ጉበቱ እስካልደከመ ድረስ እየተከታተሉ መቀጠል ይቻላል። ክሎርፕሮማዚን በጀመሩት ሳምንታት ውስጥ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። በጣም የምንጠነቀቀው ቫልፕሮዬትን ነው፤ የሚታይ የጉበት ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም። ሊትየም በአንጻሩ በኩላሊት ስለሚወጣ ጉበትን አያደክምም፤ ቴኖፎቪርም በዚያው በኩላሊት መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው የኩላሊት ምርመራው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ቢገኝበት ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ሕክምናውን እንዳይጀምር፤ ካርባማዜፒን የሲን መድኃኒቶች ከደም ውስጥ ያሳንሳቸዋል፣ ሕክምናውም ከንቱ ይሆናል። ይህን ያነሣሁት የእርስዎን ጥያቄ ለሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦች ነው፤ ሲ ዛሬ በሦስት ወር ክኒን ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት የሚድኑበት በሽታ ሆኗልና። ድሮ የሚሰጠው ኢንተርፌሮን ድባቴና አንዳንዴም የአእምሮ መቃወስ ያመጣ ስለነበር የአእምሮ ሕመምተኞች ከሕክምናው ይገለሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ ክኒኖች ይህ ችግር የለባቸውም፣ ማግለሉ ግን በአንዳንድ ቦታ ከልማድ የተነሣ አልቀረም።

የሥር መድኃኒቱን ለምን እንደከለከልሁ አሁን መናገር እችላለሁ። አዋቂው የሚሰጠው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚያልፈውም በዚያው በቆሰለው ጉበት በኩል ነው። ብዙ ሰው «ወፍ መድኃኒት ጠጥቼ ዳንሁ» የሚለው እውነቱን ነው፤ ሄፓታይተስ ኤ በራሱ ጊዜ የሚለቅ በሽታ ስለሆነ ጠጣም አልጠጣም ይድን ነበር። አረቄውን ይተው፤ ጠላውንም እንዲሁ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ጫትም ለሕመሙ እንደማይስማማው የአእምሮ ሐኪሙ ነግሮት ይሆናል፤ በሐረር የተደረገ ጥናት ደግሞ ጫትን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ራስ ምታት ሲያመው ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገረው፤ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ግን አይዋጥ።

እናትዎ ሳህኑንና ብርጭቆውን ይመልሱለት። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት፣ በመሳሳም፣ በማሳል አይተላለፍም። መለየት ያለበት ደም ሊነካው የሚችል ነገር ነው፤ ምላጩ፣ የጥፍር መቁረጫው፣ የጥርስ ብሩሹ፣ መፋቂያውም ጭምር፤ መፋቂያ ድድ ያደማልና በጋራ አይያዝ። ሲቆረጥ ወይም ሲነስረው የፈሰሰው ደም በበረኪና ይጠረግ፣ የሚጠርገው ሰው እጁን በጓንት ወይም በፌስታል ይሸፍን። አንድ ነገር ግን በእርጋታ ልንገርዎ፤ ወንድምዎን የያዘው በልጅነቱ ከሆነ እናትዎም፣ እርስዎም፣ ሌሎች እህት ወንድሞቻችሁም ሊኖርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር። በዚህ ጊዜ እናትዎ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው እንዳያዝኑ ቀድማችሁ አጫውቷቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሳያውቁ ከአንድ ሰው የያዛቸው ነው። ነጻ የሆነ ሰው ሦስት ክትባት ይወስዳል፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። በአገራችን ክትባቱ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱና ክትባታቸውን የጨረሱ የቤቱ ልጆች በአብዛኛው ተጠብቀዋል፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን በግላችን ካልተከተብን በቀር ያለ ጋሻ ነን። ወንድምዎ ሊያገባ ቢያስብም ይህ በሽታ አይከለክለውም፤ እጮኛው ትመርመር፣ ትከተብ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ።

የመጨረሻው ነገር ስለ አእምሮው ነው። ጉበት በጣም ሲዳከም ያላጣራው መርዝ አንጎልን ይነካል፤ ሰው ቀን እየተኛ ሌሊት ይነቃል፣ ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ እጁን ዘርግቶ ሲይዝ መዳፉ እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲጨመርለት ሊጠይቅ ይችላል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ደግሞ ያባብሰዋል። የወንድምዎ የቀድሞ ሕመም ሲነሣ እንዴት እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል፤ ድምፅ ይሰማል ወይም ሰው ይጠረጥራል፣ ቀኑን ግን ብዙ ጊዜ አይስትም። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ሲጠየቅ ማወቅ ከተሳነው፣ ሆዱ ካበጠ፣ ደም ካስታወከው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ለተረኛው ሐኪምም «ሄፓታይተስ ቢ አለበት» የሚለውን ከ«የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» አስቀድመው ይንገሩት። ሁለተኛውን ከሰማ በኋላ የመጀመሪያውን የማይሰማ አለና።

የጥቅምቱን የምርመራ ወረቀት እንዳትጥሉት፤ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይም ያስቀምጡት። የሚደገመው ከስድስት ወር በኋላ፣ ማለትም በሚያዝያ ስለሆነ፣ በሚያዝያው የመርፌ ቀጠሮ ቀን ደሙን በዚያው እንዲሰጥ ከወዲሁ ለነርሷ ነግረው ካርዱ ላይ ያስጽፉ።